ከተክሚም በኋላ ያሉት ዓመታት



ከረመዷን በኋላ በጤና ዘርፉ የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ወረቀቶች ገብተው ነበር። አንዷ እህት «ታላቅ እህቴ ኩዌት ሆና ጨጓራዋን ልታስቆርጥ ነው፤ እውነት ለዘለቄታው ያቀጥናል?» ትላለች። ሌላው ወንድም «እናቴ አድርጋዋለች፤ አሁን ደግሞ ክብደቱ እየተመለሰ ነው፤ ምን እናድርግ?» ይላል። ወረቀቶቹ ወደ እኛ የመጡበት ምክንያት አለ። እኛ እህትና ወንድም ነን፤ አንዳችን ፋርማሲ፣ አንዳችን አካውንቲንግ እናጠናለን። ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ይህ ቀዶ ሕክምና በቤታችን ሰባት ዓመት ኖሯል፤ አክስታችን አድርጋዋለች። አሁን ደግሞ እናታችን ታድርገው አታድርገው እያልን እየተመካከርን ነው። ስለዚህ ያየነውንና ያነበብነውን እንዳለ እንጽፋለን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግለጽ። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ስሊቭ ይባላል፤ በዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ተክሚም ይሉታል። ኩም ማለት እጅጌ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ እጅጌ ጠባብ አድርጎ ይሰፋዋል። የወጣው ተመልሶ አይቀጠልም። ሁለተኛው ባይፓስ ነው፤ በዐረብኛ ተሕዊል ይሉታል። ከጨጓራው ጫፍ ከእንቁላል የማትበልጥ ከረጢት ትለይና አንጀት ከእሷ ጋር ይቀጠላል፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ባይፓስን እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነው። ስሊቭ ግን መጀመሪያ ራሱን የቻለ ሕክምና አልነበረም። ክብደታቸው እጅግ ከፍ ላሉ ሰዎች ከትልቁ ቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የመጀመሪያ ደረጃ ነበር። ብዙዎቹ በዚያው ብቻ በቂ ሲቀንሱ ታየና ለብቻው መሠራት ጀመረ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጣም የተለመደ ነው።

አክስታችን የእናታችን ታናሽ ናት። ጂዳ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ቀዶ ሕክምናውን ስታደርግ 118 ኪሎ ነበረች፤ ስኳርና ግፊት ነበረባት፣ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም ነበር፣ ሶላት የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 80 ኪሎ ገባች። የስኳር ክኒኗን ሐኪሟ በመጀመሪያው ወር አስቆማት። በስልክ «ዛሬ ግንባሬ መሬት ነካ» ብላ ለእናታችን የነገረቻት ቀን ቤታችን ውስጥ ለቅሶም ሳቅም ነበር። ይህን የምንጽፈው ሕክምናው ያለ ምክንያት እንደማይደረግና ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ኒዕማ ሊሆን እንደሚችል ከሁሉ አስቀድመን መናገር ስላለብን ነው።

ጨጓራ መጥበቡ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ግሬሊን የሚባለውና ረሃብን ለአንጎል የሚያሳውቀው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። የጥጋብ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። አክስታችን «የመጀመሪያው ዓመት ረሃብ ምን እንደሆነ ረስቼ ነበር» ትላለች። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነት ይለምዳል። የቀነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ያንሳል፣ ረሃቡ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ የጠበበውም ጨጓራ በመጠኑ ይሰፋል። ጠንካራ ምግብ ቢከለክልም ለስላሳ፣ ጭማቂና ስኳር የበዛበት ሻይ በጠባቡ መንገድ ያለ ችግር ይወርዳሉ። አክስታችን ዛሬ 91 ኪሎ ናት። ሰፈሩ «መለሰችው» ይላል። እኛ ግን ቁጥሩን ስናሰላው ከመነሻዋ 27 ኪሎ ቀንሳ ሰባት ዓመት ኖራለች።

ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ ነው ወይስ የብዙው? በዚህ ጉዳይ ረጅም ዘመን የተከታተለው ጥናት የስዊድኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2,010 ሰዎችንና ያላደረጉ 2,037 ሰዎችን አነጻጽሯል። ያደረጉት በሁለት ዓመት በአማካይ ከክብደታቸው 23 በመቶ ቀነሱ። በ10 ዓመት ቅናሹ ወደ 17 በመቶ ዝቅ አለ፣ በ20 ዓመትም 18 በመቶ አካባቢ ነበር። ያላደረጉት ግን በነበሩበት ቆዩ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥቂት መመለሱ የተለመደ ነው፤ ሁሉም መመለሱ ግን የተለመደ አይደለም። ስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። ከነበረባቸው ሰዎች በሁለት ዓመት 72 በመቶ ያህሉ ለቋቸው ነበር፤ በ10 ዓመት ግን 36 በመቶ ብቻ ቀሩ። የአክስታችንም ስኳር በአምስተኛው ዓመት ተመልሶ አሁን በቀን አንድ ክኒን ትወስዳለች። ድሮ የምትወስደው ከዚያ ብዙ ነበር።

የዚሁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት ስለ ዕድሜ ይናገራል። ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት ወፍራሞች በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል የበለጠ ኖረዋል፤ ከሌላው ሕዝብ ግን አሁንም አምስት ዓመት ተኩል ያህል ያንሳሉ። አጀል በአላህ እጅ መሆኑን አንዘነጋም፤ ሰበብን ማድረስ ግን የኛ ድርሻ ነው። በዚያ ጥናት ውስጥ አብዛኞቹ ያደረጉት ዛሬ እምብዛም የማይሠራ የድሮ ዓይነት መሆኑም መታወቅ አለበት። ስለ ዛሬዎቹ ሁለት ዓይነቶች የፊንላንድ ሐኪሞች 240 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ተከታትለዋል። በ10 ዓመት ከትርፍ ክብደታቸው በስሊቭ 43.5 በመቶ፣ በባይፓስ 50.7 በመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። ልዩነቱ የጎላው በቃር ላይ ነው፤ ስሊቭ ካደረጉት 31 በመቶው፣ ባይፓስ ካደረጉት 7 በመቶው የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ቆስሎ ተገኝቷል። አክስታችን ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፋ የምትተኛበት ምክንያት ይኸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ቃር ነበረባት፤ ባይፓስ የሚባል ሌላ አማራጭ እንዳለ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንግባ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በተደራጀ ቦታ ሲሠራ ብዙዎች እንደሚፈሩት ገዳይ አይደለም፤ በመጀመሪያው ወር የሚሞተው ከሺህ ሰው አንድ እስከ ሦስት ቢሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈራው የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የሆድ ሕመም ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር ይበዛል። ማስታወክ ለቀናት ካልቆመ ደግሞ የሰውነት ቫይታሚን ቢ1 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ዓይን ድርብ ማየት፣ እግር መንገዳገድ፣ አእምሮ መደናገር ከመጣ አንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት እየደረሰ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ሕክምና ነው። ባይፓስ ያደረገ ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን ድንገት ከባድ የሆድ ቁርጠት ቢይዘው አንጀቱ ውስጥ ለውስጥ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል «ጋዝ ነው» ተብሎ አይታለፍም። እንዲሁም አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉ፣ እኛ አገር ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙ ማስታገሻዎች ባይፓስ ባደረገ ሰው የተቀጠለውን ቦታ ያቆስላሉ፤ ለራስ ምታት ብሎ መዋጥ አይገባም።

የቤታችን ፈተና ግን ከነዚህ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣው ነበር። አክስታችን ከጂዳ ስትሸኝ ክሊኒኩ አንድ ወረቀት ሰጥቷት ነበር። ዕድሜ ልክ መልቲ ቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንድትወስድ፣ በየዓመቱም ደሟን እንድትመረመር ይላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያስረዳት ሰው አልነበረም። ያመጣችው ብልቃጥ ሲያልቅ ደህና ነኝ ብላ ተወችው። ደህናም ነበረች። ቢ12 ከምግብ እንዲመጠጥ የጨጓራ እገዛ ያስፈልጋል፤ ጉበት ግን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስላለው ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። ስንቁ ሲያልቅ እግሯ ይነዝራት ጀመር፣ ደከማት፣ ነገር መርሳት አበዛች። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ «ዓይን ነው፤ ቀጥና ስትመጣ ያላየ ማን አለ?» አለ። ሩቅያ ተቀራላት። በሩቅያ እናምናለን፣ መልካም ሥራ ነው። የደም ምርመራውም መልካም ሥራ ነው። በኋላ ሐኪም ጋ ቀርባ ሲታይ ቢ12ም ብረትም በጣም ወርደው ተገኙ። መርፌ ተጀመረላትና ድካሙ ለቀቃት። የቀኝ እግሯ ጣቶች ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይሰሟትም፤ ነርቭ ከቆየ ጉዳት ሁልጊዜ አይመለስም።

ሌላው ፈተና ማዕድ ላይ ነው። አያታችን ኮምቦልቻ ናቸው። ልጃቸው ከስንት ዓመት በኋላ መጥታ ሁለት ጉርሻ ብላ እጇን ስትሰበስብ አልገባቸውም። «በአላህ ይቺን ብቻ» ብለው ያጎርሷታል፤ እሷ እናቷን ላለማሳዘን ትውጣለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታስታውካለች። ይህ ለወራት ቀጠለ። መፍትሔው የመጣው አንድ ቀን አክስታችን የጨጓራዋን መጠን በሲኒ ስታሳያቸው ነው። «እማ፣ ሆዴ ይቺን ታክላለች» አለቻቸው። አያታችን ሲኒዋን ዝም ብለው አዩና «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እንኳ ሲያጎርሳት የሚከለክሉት እሳቸው ናቸው። ቡናውም ሥርዓት አገኘ። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ክኒኗን ከቡናው አርቃ ትወስዳለች፤ ብረቱንና ካልሲየሙንም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ትለያቸዋለች።

ረመዷንን በተመለከተ ብዙ ስለተጠየቅን እንጨምር። ጨጓራው የጠበበ ሰው ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አንዳንዶቹም እስከ ዓመት ድረስ እንዳይጾም ይመክራሉ። አላህ ለታመመ ሩኽሳ ሰጥቷል፤ ሩኽሳን መቀበል የኢማን ማነስ አይደለም። ከዚያ በኋላ መጾም የሚችል ሰው ከመግሪብ እስከ ፈጅር ጥቂት በጥቂት መጠጣት፣ ምግቡን ከፋፍሎ መብላትና ሱሑርን አለመተው አለበት። ተምር ላይም ጥንቃቄ አለ። ስኳር ወደ አንጀት በድንገት ሲወርድ ላብ፣ የልብ ምት፣ ማዞርና ተቅማጥ ያመጣል፤ በባይፓስ ይበዛል፣ በስሊቭም ያጋጥማል። አክስታችን በመጀመሪያው ኢፍጣሯ ሦስት ተምር በልታ ተጋድማ ተራዊሕ አመለጣት። አሁን በአንድ ተምርና በጉንጭ ውሃ ትፈጥራለች፣ መግሪብ ትሰግዳለች፣ ከዚያ ትበላለች። ስለ ቫይታሚኖቹ ደግሞ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የአንዳንዶቹ ሽፋን ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል በክኒን መልክ ያለውን ወይም ሐላል መሆኑ የተጻፈበትን መምረጥ ይቻላል። እህቶችም እርግዝናን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ማቆየት እንደሚመከር ይወቁ፤ ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ከበፊቱ ይቀላልና ኒካሕ ያቀደች አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት።

ስለ ሑክሙ የጠየቁም አሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው ጉባኤ ስለ ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ሲወስን የክብደት መቀነስንም ጉዳይ ነክቷል። የውሳኔው ሐሳብ ክብደቱ በሽታ ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከሌለ እና ከጉዳት የሚያሰጋ ካልሆነ ይፈቀዳል የሚል ነው። እኛ ፈትዋ አንሰጥም፤ ለግል ጉዳያችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከሕክምናውም በኩል ቢሆን ለሠርግ ፎቶ አሥር ኪሎ ለመቀነስ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተሠራበት መለኪያ ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል 40፣ ወይም ስኳርን የመሰለ በሽታ ካለ 35 የሚደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 35፣ ስኳር ላለበት ደግሞ ወደ 30 ዝቅ ተደርጓል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ ሲሶ ሲሶ ስለማካፈል የሚያስተምረውን ሐዲስ ወፍራም ሰው ሲያዩ የሚጠቅሱ ወንድሞች አሉ። ሐዲሱ ለሁላችንም ነው፤ ካፌ ውስጥ ሁለት ሳህን ለሚያነሳው ቀጭንም ጭምር። ውፍረት የዘርም፣ የሆርሞንም፣ የመድኃኒትም፣ የኑሮም ውጤት ነው። ዛሬ ታዋቂ የሆነውን የሴማግሉታይድ መርፌ ወስደው ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው መገኘታቸው ውፍረት ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ በሽታ መሆኑን ያሳያል። አክስታችንን የጎዳት ነዝናዛው እግሯ ብቻ አይደለም። ወፍራም ሳለች ሆዳም ተባለች፤ ስትቀጥን በአቋራጭ ነው ተባለች፤ ጥቂት ሲመለስ ገንዘቧን ጣለች ተባለች። ከባይፓስ በኋላ ራስን የመጉዳት አደጋ ከፍ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። ወገን የምንናገረውን ቃል ይጠንቀቅ።

ወደ እናታችን እንመለስ። 96 ኪሎ ናት፣ ስኳር አለባት፣ በመለኪያው ከ38 በላይ ናት። ዘመዶች «እናዋጣና ውጭ ትሂድ» ይላሉ። ገንዘቡ ሊገኝ ይችላል። እኛ ግን የጠየቅነው ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ነው። እሷ፣ አክስታችንና እኛ ሁለታችን ቁጭ ብለን አንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። ቃር ካለባት የትኛው ዓይነት ይሻላታል፣ ማን ያያታል? ቫይታሚኑን በየወሩ ማን ይገዛል፣ እኛ አገር ሲጠፋስ ከየት ይመጣል? በየዓመቱ ደሟን የሚመረምር፣ ውጤቱንም የሚያነብ ሐኪም አግኝተናል? አንድ ነገር ቢፈጠር የሠራት ሐኪም በስልክ ይገኛል? የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት ይዛ ትመጣለች? አክስታችን ጥያቄዎቹን ስታይ «እኔን ከነዚህ አንዱን እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም» አለች።

ከአምስቱ ሁለቱ መልስ አግኝተዋል፤ ሦስቱ ገና ናቸው። እናታችን እስከዚያ ድረስ የስኳር ክኒኗን እየወሰደች፣ ከዒሻ በኋላ ከአክስታችን ጋር እየተራመደች ነው። «ሦስቱ ሲሞሉ ኢስቲኻራ እሰግድና እወስናለሁ» ብላለች። ብታደርገውም ባታደርገውም አብረናት ነን።

እናንተም እህታችሁ ወይም እናታችሁ ለማድረግ ብታስብ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ተቀመጡ። አድርጋ የመጣች ካለች ደግሞ ዛሬ ደውሉና ቫይታሚኗን እየወሰደች እንደሆነ፣ ደሟን መጨረሻ የተመረመረችው መቼ እንደሆነ ጠይቋት። ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ከሆነ አንብቡላት። እዚህ ካምፓስ የምንማረው ለዚህም ጭምር ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋእ፣ ለጤነኞች ሹክር ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።